ችግኝ የምጭነው እኔ፣ የተጠየቀው ባሌ

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል የሆነ ነው። ብዙ ሰው «ተራ ነገር ነው፣ እርሺው» ብሎኛል። አልረሳሁትም። ዛሬም ወልቂጤ ገብቼ በዚያ ጋራዥ በር ሳልፍ ደሜ ይፈላል። እስቲ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ፈትያ እባላለሁ፤ የምኖረው ቡታጅራ ነው። ሥራዬ የአቮካዶ ችግኝ ማከፋፈል ነው። መስቃን ውስጥ ካለ አንድ ችግኝ ጣቢያ የተዳቀለውን እየወሰድኩ ለገበሬዎች አደርሳለሁ። የተዳቀለ ማለት ከሥር የአገሩ አቮካዶ ሆኖ ከላይ የተሻለው ዝርያ ቅርንጫፍ የተሰካበት ነው። መጋጠሚያው በፕላስቲክ ይታሰራል። እስኪጠነክር ድረስ ያ መጋጠሚያ እንደ አራስ ልጅ አንገት ነው፤ ካልተጠነቀቁለት ይሰበራል። ከተሰበረ ደግሞ ገበሬው የሚተክለው ችግኝ ሳይሆን እንጨት ነው።

የምነዳት ፒካፕ የራሴ ናት። ሊብሬው በስሜ ነው። ጠዋት ተነስቼ ዘይቷንና ውሃዋን የማየው እኔ ነኝ፤ ጎማ ሲፈነዳ ክሪክ አስገብቼ የምቀይረው እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ጀማል መምህር ነው። ደግ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ወደ ታች ስለ እሱ የምለው ብዙ ነው። መኪና ግን አይነዳም። መንጃ ፈቃድ የለውም። የቱ ፍሬን፣ የቱ ነዳጅ መስጫ እንደሆነ ቢጠየቅ ጎንበስ ብሎ ካላየ አይመልስም።

አብዛኛውን ጊዜ ተራራውን ወጥቼ፣ በአረቅጥ በኩል አልፌ፣ ወልቂጤ ዙሪያ ወዳሉ ገጠሮች እወርዳለሁ። ዋናው መንገድ ኮረኮንች ቢኖረውም ምንም አይልም። ጣጣው ወደ መንደሮቹ ሲታጠፉ ነው። ዝናብ ሲጀምር የከባድ መኪና ጎማ መንገዱን ግራና ቀኝ እንደ ቦይ ያርሰዋል፣ መሃሉ ጉብ ብሎ ይቀራል። የእኔዋ ሆዷ ዝቅ ያለ ስለሆነ ያንን ጉብታ እየፋቀች ነበር የምታልፈው። ያን ሰሞን አንድ ድንጋይ የሞተሩን ዘይት መያዣ መትቶ ዘይቱን መንገድ ላይ አፈሰሰው። የሚጎትተኝ መኪና እስኪመጣ ችግኞቹ ፀሐይ ላይ ዋሉ። ያን ቀን ነው መኪናዋን ከፍ ላስደርጋት የወሰንኩት።

ቡታጅራ ላይ «መኪናዬን ከፍ ላስደርግ ነው» ብሎ ማውራት ጥፋት ነው። የሰው ሁሉ አፍ ይከፈታል። የሰፈሬ ጎረምሶች «ፍቱ፣ አራት ኢንች አስገቢላትማ፣ ቀውጢ ነው የምትሆነው!» አሉኝ። ፎቶ እያወጡ አሳዩኝ። በፎቶው ላይ ያሉት መኪኖች በሙሉ ታጥበው፣ ምንም ሳይጭኑ፣ ሣር ላይ የቆሙ ናቸው። እኔ የምፈልገው ለፎቶ አይደለም፤ በየቀኑ የምሠራባት መኪና ናት።

ስለዚህ የሚጭኑ ሰዎችን ጠየቅኩ። ከሁሉም የረዳኝ እንቁላል የሚያመላልስ አንድ ሾፌር ነው። ከፍታና ጥንካሬ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከእሱ ተረዳሁ። ከኋላ ያለው ባሌስትራ፣ ማለት ያ ተደራርቦ የታሰረው ዝርግ ብረት፣ ወፍራም ከሆነ ሲሚንቶና ድንጋይ ለሚጭን ሰው ጥሩ ነው። ጭነቱ ቀላል ሲሆን ግን ብረቱ አልታጠፍ ይላል፤ መንገዱ የሚሰጠውን ምት በሙሉ ለተጫነው ዕቃ ያስተላልፋል። በጣም ከፍ ያለ መኪና ደግሞ ጠመዝማዛ ላይ ይወዛወዛል። ለእኔ የሚያስፈልገኝ ትንሽ ከፍታ፣ ሦስት ጣት ያህል፣ ከለስላሳ ባሌስትራ ጋር ነበር። ይህን እስክወስን ብዙ ጠይቄያለሁ፣ ብዙ አስቤያለሁ።

ወልቂጤ ውስጥ መለዋወጫውን ሸጦ እዚያው የሚገጥም አንድ ጋራዥ አለ። ባለቤቱን ቶፊቅ ልበለው፤ ስሙ ግን እሱ አይደለም። «አሰላሙ አለይኩም» ብዬ ገባሁ። በክብር ተቀበለኝ፤ ይህን አልክድም። «እህቴ፣ ምን እንታዘዝ?» አለና ሁለት ዓይነት ዕቃ አወጣልኝ። አንዱ በጣም ከፍ የሚያደርገው ወፍራሙ ነው። ሌላው ዝቅ ያለውና ቀጭኑ ነው። ቶፊቅ እጁ ደጋግሞ ወደ ወፍራሙ ይሄዳል።

«እኔ የምጭነው ችግኝ ነው» አልኩት። «ሲሚንቶ አይደለም። ክብደት የለውም፤ መንገጫገጭ ግን አይወድም። ቀጭኑን ግጠምልኝ።»

«ገባኝ» አለ። ቀጭኑን አንስቶ ለብቻው አስቀመጠው። ነገ ጠዋት እንደሚያደርስልኝ ነገረኝና ስልኬን መዘገበ። ቀጥሎ «የአንቺ እምቢ ካለ ሌላ ቁጥር ስጪኝ» አለኝ። የተለመደ ነው፤ የጀማልን ሰጠሁት። እዚያው ወልቂጤ አክስቴ ቤት ሄጄ በሰላም ተኛሁ።

ጠዋት ጋራዡ ስደርስ መኪናዬን አላወቅኳትም። ከአጥሩ በላይ ጣሪያዋ ይታያል። የበሩን እጀታ ለመያዝ እጄን ወደ ላይ መዘርጋት ነበረብኝ። ገብቼ ለመቀመጥ ደግሞ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ መሪውን ይዤ፣ ዛፍ እንደሚወጣ ሰው ተንጠላጠልኩ።

«ይሄ እኔ ያዘዝኩት አይደለም» አልኩት።

ቶፊቅ ፈገግ ብሎ «ከባለቤትሽ ጋር ተነጋግረን ነው» አለኝ።

የሰማሁትን አላመንኩም። «ከማን ጋር?»

«ከመምህር ጋር። ማታ ደወልኩለት። ሥራው ከፍ ያለ ስለሆነ ለማንኛውም ልጠይቀው ብዬ ነው። ጠንካራው ይሻላል ተባባልን።»

ተባባልን! ስልኬ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነበር። አንድም ጊዜ አልደወለልኝም። ሁለት ወንዶች፣ አንዱ መኪናዋን ለአንድ ቀን ያያት፣ ሌላው ጭራሽ መንዳት የማይችል፣ ስለ እኔ መኪና ተባብለዋል።

በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። «አሁን ነው መኪና የሆነችው» አለ አንዱ። «ትለምጂዋለሽ» አለ ሌላው። የልደት ስጦታ የተገዛልኝ ይመስል «መብሩክ» ያለኝም አለ። ጮኼ ነበር፤ ግን መልሶ ለመግጠም ሌላ ቀን ይፈጃል። በማግስቱ ደግሞ ማድረስ ያለብኝ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፤ ገበሬዎቹም ጉድጓድ ቆፍረው ዝናቡን እያዩ ነው። ተናድጄ ወጣሁ። ባዶዋ መኪና እስከ ቡታጅራ ድረስ እያንገጫገጨች አደረሰችኝ።

ጀማል በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ፊቱ ሁሉ ፈገግታ ነው። «እንዴት ናት ታዲያ?» አለኝ። ምስጋና እየጠበቀ ነበር! ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

«መንጃ ፈቃድ መቼ አወጣህ?» አልኩት።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ባሌስትራ የምትመርጠው በየትኛው ዕውቀትህ ነው?»

ፈገግታው ጠፋ። «ሰውየው ደውሎ ጠንካራው ይሻላል ሲለኝ ለአንቺ ጥሩ መሰለኝ። ወላሂ፣ ደግ አስቤ ነው።»

«እሷን ጠይቃት ማለት እንዴት አቃተህ?»

ራሱን አከከና «ለካ እንደዚያም ማለት ይቻል ነበር» አለ። ሊያስቀኝ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ንዴቴ ግን ከሳቄ በለጠ። እራቱን ብቻውን በላ።

በማግስቱ ችግኞቹን ጫንኩ። ከሥራቸው ገለባ አነጠፍኩ፣ ጎንና ጎናቸውን በጆንያ አስደገፍኩ፣ አንዱን ከሌላው አጠጋግቼ አሰርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በዝግታ ነድቼ አላውቅም። አህያ የሚነዱ ሰዎች ሊቀድሙኝ ምንም አልቀራቸውም። ግን ምን ያደርጋል፤ ኮረኮንቹ ላይ ስወጣ ከኋላዬ ብረቱ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። 

ችግኙን ያዘዙት ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ወልቂጤ ሳይደርሱ በስተቀኝ የሚታጠፍ መንደር ውስጥ ይኖራሉ። ከእኔ ሦስት ክረምት ወስደው ተክለዋል፣ ጸድቆላቸዋል። ያን ዓመት ግን ለራሳቸው ብቻ አይደለም ያዘዙት። የመንደሩን ሰው ሰብስበው «ከሌላ አትውሰዱ፣ የፈትያ ችግኝ አይከዳም» ብለው ተናግረዋል። ሌላ አከፋፋይ በርካሽ ላቅርብ ብሎ ሲመጣም የመለሱት እሳቸው ናቸው። ለእኔ ያ መንደር የሥራዬ መሠረት ነበር፤ እሱ ከተያዘ ቀጣዩ መንደር ይከተላል።

ሰዉ ወጥቶ ጠበቀኝ። የኋላውን በር ስከፍት ያየሁትን መናገር አልፈልግም፤ ግን ልናገር። አፈሩ ከፕላስቲኩ እየረገፈ ወለሉን ሞልቶታል። ብዙዎቹ መጋጠሚያቸው ላይ ተቀንጥሰው አንገታቸውን ደፍተዋል። አንዲት እናት አንዱን አንስተው ቀና ሊያደርጉት ሞከሩ፤ የላይኛው ክፍል እጃቸው ላይ ቀረ። ለመንደሩ ሰው የሚበቃ ደህና ችግኝ አልነበረም።

ጋሽ ወልዴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወደ ጎን ጠሩኝና በዝግታ «ልጄ፣ ስምሽን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ይሄ ሰው ነገ እኔን ነው የሚጠይቀው። ዝናቡ እየገባ ነው። እስከሚቀጥለው ገበያ ድረስ ደህናውን ካመጣሽ እሰየው። ካላመጣሽ ያን የመለስኩትን ሰውዬ መጥራቴ ነው። እንዳትቀየሚኝ።»

እንዴት እቀየማቸዋለሁ? የምቀየመው ሌላ ሰው ነበረኝ። ከዚያው በቀጥታ ወልቂጤ ገባሁ፤ የተሰበረውንም ችግኝ ይዤ ቶፊቅ ፊት አቀረብኩለት።

«ይህን አይተሃል? አሁን አውልቀህ ያዘዝኩህን ግጠም።»

ችግኙን አገላብጦ አየና በጣም ረጋ ብሎ «ባለቤትሽ ይምጣና እንነጋገራለን» አለኝ።

«ባለቤቴ ምን ያደርግልሃል? መኪናዋ የእኔ ናት።»

«እህቴ፣ እሱ ያለኝን ነው የገጠምኩት። አሁን አንቺ አውልቅ ትያለሽ፤ ነገ እሱ መጥቶ ለምን አወለቅክ ይለኛል። እኔ በባልና ሚስት መሃል አልገባም።»

ልብ በሉልኝ! ማታ ደውሎ የገባው ማን ሆነና? «ገብተህ ስታበቃ ነው አልገባም የምትለው?» ብዬ ጮህኩ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ቀና ብለው አዩኝ። ከመሃላቸው አንዱ «እህታችን፣ ሰላም አውርጂ» አለኝ። ሰላም የነሳኝ ሰው አጠገቡ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ሰላም አውርጂ የምባለው እኔ ነኝ።

ቤት ስደርስ ጀማል ነገሩን ሰማና ወዲያው ስልኩን አወጣ። «ልደውልለት፣ በአንድ ቃል ይፈታል» አለ። እውነቱን ነው፤ በአንድ ቃል ይፈታ ነበር። ያበገነኝም ይኸው ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ጮኼ ያልሆነው በእሱ አንድ ቃል ሊሆን!

«አትደውልም» አልኩት። «ትመጣለህ።»

በቀጣዩ ትምህርት በሌለበት ቀን ከጣቢያው ጥቂት ችግኝ ጫንኩ። ጀማል ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ መጣና ከፊት ሊገባ ሲል «ከኋላ ነህ» አልኩት።

«ከኋላ?»

«የመረጥከው ባሌስትራ ያለው ከኋላ ነው። ተቀመጥበትና እየው። ችግኞቹንም ትይዝልኛለህ።»

የሚቀልድ ሰው ፊት ፈልጎ አየኝ፤ አላገኘም። ወጣና ገለባው ላይ ተቀመጠ። የተከበረ መምህር፣ በሁለት እጁ ችግኝ አቅፎ! ከሰፈራችን ስንወጣ ተማሪዎቹ አይተውት ሰላምታ ሰጡት፤ እሱም በአገጩ መለሰላቸው።

ዳገቱን ተያያዝነው። ኮረኮንቹ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ «ያ አላህ!» ሲል ሰማሁት። አረቅጥ ስንደርስ ብርዱና ጉሙ ተቀበለን፤ ጀማል የመኪናዋን ጣሪያ በእጁ መታ መታ አደረገ። ቆምኩለት። ኮቱ አፈር በአፈር ሆኗል፤ አንዱ ችግኝ እቅፉ ውስጥ እንዳለ ተቀንጥሷል።

«ይህን እኮ በእጄ ይዤው ነበር» አለኝ። ድምፁ ተሰብሯል። «በእጄ ይዤው ነው የተሰበረው።»

ከፊት አስገባሁት። 

ጋራዡ ስንገባ ቶፊቅ ሮጦ መጣ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሱ። «እንኳን ደህና መጡ መምህር!» ወንበር ሳበለት። ለእኔ ወንበር አልመጣም። ከዚያ እኔ እዚያው ቆሜ ሳለሁ «እና ምን ይደረግ ይላሉ?» ብሎ እሱን ጠየቀው።

ጀማል ከወንበሩ ተነሳ። ኮቱን አላራገፈም። «ወንድሜ፣ እኔ መኪና መንዳት አልችልም» አለ። «ደውለህ ስትጠይቀኝ የማላውቀውን አውቃለሁ አልኩህ። አጥፍቻለሁ። የሚጠየቀው ሰው እሷ ናት።»

አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ጀማል ላቡን ጠረገ። ለአንድ ወንድ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዲህ ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንጀቴን በላው።

ቶፊቅስ? ቶፊቅ አሁንም ወደ እሱ ዞሮ «እሺ፣ እርስዎ ካሉ ምን ይደረጋል፤ ለእርስዎ ስል እቀይረዋለሁ» አለና ለሠራተኛው ምልክት ሰጠ። ሠራተኛው ክሪኩን ይዞ መኪናዋ ሥር ገባ።

የፈለግኩት ሊሆን ነው። ደመናው ጠቁሯል፤ የጋሽ ወልዴ ቀጠሮ ደርሷል። አፌን ዘግቼ ብቆም ማታ ላይ መኪናዬ ተስተካክላ ትወጣለች። አልቻልኩም።

«ውጣ!» አልኩት ሠራተኛውን። «ማንም እንዳይነካት።»

ሁሉም ደነገጡ። ቶፊቅ «አሁን ደግሞ ምን ሆነሽ ነው? ተስማማን እኮ» አለ።

«ከማን ጋር?»

«ከባለቤትሽ ጋር።»

«እኔ አልተጠየቅኩም።»

አግዳሚው ተንጫጫ። «ሴትዮ፣ ያልሽው ሊሆን አይደል እንዴ?» «እልህ ምን ይሠራል?» ጀማል ራሱ «ፈትዬ፣ እባክሽ ይሥራልን፣ ሊዘንብ ነው» አለኝ። የመኪናዬን ቁልፍ ጨብጬ በሩ ላይ ተደገፍኩ። ታለቅሳለች ብለው የጠበቁ ሳይኖሩ አይቀሩም። አላለቀስኩም። ጠብታ ዝናብ መጣል ጀመረ። አንዳንዱ ተነስቶ ቆርቆሮው ሥር ገባ። እኔ አልተንቀሳቀስኩም።

ቶፊቅ ጀማልን አየው። ጀማል መሬት መሬት አየ። ቶፊቅ ሠራተኛውን አየው፤ ሠራተኛው ክሪኩን አየ። የሚያየው ሌላ ሰው ሲያጣ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱን አጥቁሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሺ እህቴ፣ የትኛውን ልግጠምልሽ?» አለኝ።

«ቀጭኑን» አልኩት።

ይኸው ነው። አንድ ቃል ነው። ከበሩ ዞር አልኩ፤ ሥራውም ተጀመረ።

ችግኞቹን በቀጠሮው ለጋሽ ወልዴ አደረስኩ፤ ደህና ገቡ። መኪናዬም እስከ ዛሬ ጉብታውን ሳትነካ ታልፋለች። ጀማልም ያቺን ቀን ሲያነሳ እስከ ጆሮው ይቀላል፤ ይቅር ብዬዋለሁ። ወሬውን የሰሙ ሴቶች «ጎበዝ፣ አሸነፍሻቸው» ይሉኛል። እኔ ግን ምኑን እንዳሸነፍኩ አይገባኝም። ስለ ገዛ መኪናዬ አንዲት ጥያቄ እንድጠየቅ ያ ሁሉ ችግኝ መሰበር፣ ባሌም ያን ሁሉ ተራራ ተጭኖ መሻገር ነበረበት። ከእኔ ጋር ችግኝ ከሚያከፋፍሉት መካከል ባሏ የሞተባት አለች፤ ያላገባችም አለች። እኔስ ባሌን ጭኜ ሄድኩ። እነሱ ማንን ጭነው ይሂዱ?